የአማከለች ፓስቲና የአባቷ ግዝት

ወረታ ላይ ሦስት መንገድ ይገናኛል፤ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከደብረ ታቦር። በሦስቱም የሚመጣ ተሳፋሪ ይርበዋል። ይህን ከማንም ቀድማ የተረዳችው አማከለች ናት። መናኸሪያው በር ላይ፣ ከእኔ የስፌት መኪና ፊት ለፊት፣ የከሰል ምድጃዋን አያይዛ ፓስቲ ስትጠብስ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ካሴ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ስለዚህ የማወራላችሁ ያየሁትንና በግድግዳው የሰማሁትን ነው። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

አማከለች ረጅም፣ ከሲታ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የቁሐር ሚካኤሉ የቄስ ኪዳነ ማርያም ልጅ ናት። በልጅነቷ ተዳረች፤ ባሏ ታሞ ሞተ፤ የወረሰችውን መሬት አርሶ ምርቱን በእኩል እንዲያካፍላት ለገበሬው ለማረው ሰጥታ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ወረታ ገባች። ልጅቷ ዛሬ ባሕር ዳር ትማራለች። ኋላም የአባቷ ዓይን ሲጠፋ እሳቸውን ወደ ራሷ አመጣቻቸው። እንግዲህ ልጇን የሚያስተምረውም፣ አባቷን የሚያበላውም ያው ፓስቲ ነው። ሌላ ነገር የላትም። ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ።

ፓስቲ በምን እንደሚጠበስ መቼም ሁሉም ያውቃል፤ በቢጫ ጀሪካን በሚመጣው፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሞራ በሚረጋው ዘይት። ርካሽ ነው። ቢደጋገምበትም ቶሎ አይጨስም፤ ፓስቲውንም መልኩን ያሳምረዋል። ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መርከብ ያመጣዋል፣ የጭነት መኪና ያወርደዋል፣ ባለሱቁ ሳልህ ደርድሮ ይሸጠዋል፤ በቃ። እኛ ወረታዎች ሆዳችን እስኪሞላ እንጂ ከዚያ ወዲያ ምርመራ አንወድም።

ቄስ ኪዳነ ማርያም ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛፍ የጠበቁ ሰው ናቸው። የፎገራ ሜዳ ዛፍ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ሩዝ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ቁሐር ሚካኤልም ጽዱና ወይራው የቆመው አጥር ስላለው አይደለም፤ አጥሩማ ከብት እንኳ አይመልስም። የሚጠብቀው የቄሱ ግዝት ነው። ግዝት ማለት ካህን በእግዚአብሔር ስም የሚያስረው ቃል ነው። የጣሰው ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ ከቁርባኑም ከበረከቱም ውጭ ነው፤ ሳይፈታ የሞተ እንደሆነማ አያድርስ ነው። ቄስ ኪዳነ ማርያም በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ሕዝቡ ለንግሥ ሲሰበሰብ፣ ዋርካው ሥር ቆመው ያድሱታል፦ «የዚህን ደብር ዛፍ የቆረጠ፣ ያስቆረጠ፣ በእሳቱም የሞቀ ውጉዝ ይሁን!» ጣውላ ነጋዴው ደሳለው ያንን ከመቅደሱ ጀርባ ያለውን ትልቅ ጽድ በዓይኑ ሲለካው ስንት ክረምት አለፈ። እጁን የያዘው ያ ቃል ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። አምና፣ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ የእሳቸው ተማሪ የነበረው ወጣቱ ቄስ ባምላክ ሊጠይቃቸው መጣ። በስልኩ አንድ ቪዲዮ አይቶ ኖሮ ሆዱን በልቶታል። ሽማግሌው ስለማያዩ እየነገራቸው ከፈተው። እኔም በር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

«አገሩ ሩቅ ነው የኔታ፤ ሞቃትና ዝናባም ነው። ደኑ ከጣና ዳር እስከ ጉና ተራራ ቢለካ አይበቃውም። በማሽን ይጥሉታል፤ ከዚያ እሳት ይለቁበታል። ረግረጉን በቦይ ያደርቁታል። የደረቀው አፈር ራሱ ይቃጠላል፤ ጭሱ ወር ሙሉ አይቆምም።»

«አፈሩ?» አሉ ቄሱ።

«አፈሩ ራሱ የኔታ። ከዚያ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በመስመር ይተክሉበታል። ዘንባባ ነው።»

«ዘንባባ? የሆሳዕናው?»

«የሱ ዘመድ ነው። ፍሬው ዘይት ያወጣል። እኛ ዘንድ የሚመጣው የሚረጋው ዘይት ያ ነው።»

«አራዊቱስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንዲት ዝንጀሮ የምትመስል አውሬ ግልገሏን አቅፋ፣ ብቻውን በቀረ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። የምትወርድበት ቦታ የላትም።»

ረግረግ በቦይ ስለማድረቅ ለፎገራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም ሩዝ ሲመጣ ረግረጉን አጠንፍፈን፣ ደንገሉን አጭደን፣ የግጦሹን መሬት አርሰን፣ ኑጉን አጥፍተን አንድ ነገር ብቻ ዘርተናል። ሩዙ አብልቶናል፤ አልዋሽም። ብቻ ያን ቀን ሳዳምጥ የሰው አገር ወሬ የሰማሁ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ገባ፤ ቄስ ኪዳነ ማርያም እንደ ወትሮው ዋርካው ሥር ቆሙ። አማከለች መቋሚያቸውን ይዛላቸው ከጎናቸው ናት። የዛፉን ግዝት አሉ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ወደ ቤታችን ልንሄድ ስንል ሽማግሌው እጃቸውን እንደገና አነሱ።

«ዛፍ የትም ቢቆረጥ ዛፍ ነው፤ ፈጣሪውም አንድ ነው። ደን አስጨርሶ የሚመጣውን ያን የሚረጋ ዘይት የሸጠ፣ የጠበሰበት፣ የበላም፣ እንደ ዛፍ ቆራጭ ውጉዝ ይሁን!»

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። አማከለችን አየኋት። መቋሚያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፤ የጾም ምግብ ያለ ዘይት ምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ሕዝብ ብልህ ነው። በማግሥቱ ወረታ ላይ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ። ግዝቱን ሰምታችኋል ወይ ቢባል ሁሉም መልስ አዘጋጅቷል። አንዱ «ነፋስ ነበር፣ አልሰማሁም» አለ። ሌላው «ከኋላ ነበርሁ» አለ። ደሳለው «እኔ ገና የዛፉ እንዳለቀ ነው የወጣሁ» አለ። ከአማከለች ማዶ ፓስቲ የምትጠብሰው አምሳል ደግሞ «ልጀ እያለቀሰብኝ ምኑን ሰማሁት» ብላ ጀሪካኗን ከፈተች። ልጇ ያን ቀን አያቷ ዘንድ ነበር። ያልሰማ አይጠየቅም፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ ደንቆሮ ሆኖ አመለጠ።

አልሰማሁም ማለት ያልቻለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የተናጋሪውን መቋሚያ ይዛ ቆማ አልሰማሁም አይባልም። አንድ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ በተጠራበት ግዝት የአባቷ ልጅ ብቻዋን ገባች።

መጀመሪያ ኑግ ፍለጋ ሄደች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። በእኔ ልጅነት ጥቅምት ሲገባ ይህ ሜዳ በኑግ አበባ ቢጫ ይለብስ ነበር፤ አሁን የቁሐር ሴት ኑግ ልትሸምት ይፋግ ገበያ ትወርዳለች። የሌላ አገር ኑግ አግኝታ፣ ተሸክማ አምጥታ፣ እፊቷ አስጨመቀችው። በረከት ነው፤ ወጥ ላይ ጠብ ሲል ቤቱ ያውዳል። ፓስቲ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊጡ ጠቆረ፣ መጥበሻው ጨሰ፣ ዘይቱ ሳይውል አለቀ። ዋጋው እንዳይንር ብላ ፓስቲውን አሳነሰችው።

«አማከለች፣ ይሄንንማ ለኮት ቁልፍ እወስደዋለሁ» አልኳት ለማሳቅ። አልሳቀችም። ተሳፋሪዎቹ አንድ ጊዜ ወደ እሷ፣ አንድ ጊዜ ወደ አምሳል ያዩና ወደ አምሳል ይሻገራሉ።

ከዚያ ንፍሮ ሞከረች። የሽምብራ ንፍሮ፣ ትኩስ፣ ጨው የተነሰነሰበት። «ንፍሮማ እናቴም ቤት አለ» አለ አንድ ረዳት፣ የጎንደር መኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ። ልክ ነው፤ ሰው መንገድ ሲወጣ ቤቱ የሌለውን ነው የሚፈልገው። ማታ በግድግዳው በኩል ሳዳምጥ ከአባቷ ጋር የሚነጋገሩት እየቀነሰ መጣ። እሳቸው ውዳሴያቸውን ይደግማሉ፤ እሷ ድስት ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች። ንዴት ያለበት የድስት ድምፅ አውቃለሁ።

ከድጡ ወደ ማጡ ስትሄድ ያወጣት የመሰለው ሳልህ ነው። ሳልህ ቅን ነጋዴ ነው፤ አባቱም ወረታ ላይ ነጋዴ ነበሩ። የሱፍ አበባ የተሳለበት፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ዘይት አወጣላት።

«ይሄ አይረጋም እቴ። ወደድ ይላል፤ ግን እንደ ኑጉ አይጨስብሽም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንግዲህ አበባውን እይው። ግዝቱ እኔን አያገኘኝም ይሆናል፤ ደንበኞቼን ሲያገኝብኝ ግን ደስ አይለኝም።»

ወሰደችው። ትርፉ ቢሳሳም ፓስቲው መልኩ ተመለሰ፤ ተሳፋሪውም ተመለሰ። የአባቷንም ሽሮ በዚሁ ዘይት ታቁላላ ጀመር። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ሲቀምሱ «ይህ ወጥ ጥሟል፤ የኑግ ነው?» ሲሉ ሰማሁ። «የማይረጋው ነው አባየ» አለች። «ተመስገን» አሉ። ያን ሰሞን ሳቋን በግድግዳው ሰማሁ፤ እኔም ጎረቤቴ ተፈታች ብዬ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ ገባ። የፎገራን የታኅሣሥ ጠዋት የማያውቅ ሰው ሜዳ ሞቃት ይመስለዋል። ውሃ ያቆረው መሬት ሌሊቱን ቁሩን ሲተፋው ያድራል። አንድ ጠዋት ገና ሱሪዬን ሳልታጠቅ በሬ ተንኳኳ። አማከለች ናት። ምንም አላለችኝም። ማድ ቤት ያደረውን ጠርሙስ አፉን ወደ መሬት ደፋችው። ጠብ ያለ ነገር የለም። የሱፍ አበባው ሥዕል ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች። ከውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ ረግቷል።

አብረን ወደ ሳልህ ሄድን። ሱቁን እየከፈተ ነበር። ጠርሙሱን ሲያይ «ወላሂ አላወቅሁም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ፊቱ ይናገራል። ልጁ ያስሚን ጠርሙሱን ተቀብላ አዟዟረችው። ከፊቱ በትልቁ «የአትክልት ዘይት» ይላል። የምን አትክልት እንደሆነ አይልም። ከኋላው፣ ጉንዳን በማያህል ፊደል፣ ፓልም የሚል ቃል አለ፤ ያው ዘንባባው ማለት ነው። አበባው ለዓይን የተሳለ ነው።

«በዚህ ስምማ ስንቱ አለ» አለች ያስሚን። መደርደሪያውን ትነካ ጀመር። ብስኩቱን አነሳች፤ አለበት። የዳቦ ቅቤውን አነሳች፤ አለበት። ሳሙናውን አነሳች፤ አለበት። አማከለች ሊጥ ከማቡካቷ በፊት እጇን የምትታጠብበት ሳሙና ነው። መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ታዲያ ምን ልግዛ ዘሊካ?» አለች፣ ከጓዳ ወደ ወጣችው ወደ ሳልህ ሚስት ዞራ።

ዘሊካ ባለሙያ ናት። «ስሚኝ እቴ» አለች። «ዘይት ስትገዥ ከጠርሙሱ ትንሽ ቀድተሽ በብርድ ውጭ አሳድሪው፤ ከረጋ ተይው። አትክልት ብሎ ስሙን የደበቀውንም ተይው። ኑግ ነኝ፣ ሰሊጥ ነኝ፣ ለውዝ ነኝ ብሎ በስሙ የሚጠራውን፣ ከተቻለሽም ዓይንሽ እያየ የተጨመቀውን ግዥ። ብስኩቱ ቢቀር ቆሎ አለ።»

«ለቤትሽ እንዲያ ይሆናል» አለ ሳልህ በጎን። «ለመናኸሪያው ሁሉ በኑግ ጥበሽ ማለት ግን… ደሞ ያም ቢሆን መሬት ይፈልጋል። የትኛው መሬት ላይ ሊዘራ ነው? ሩዙን ማን ይነቅላል?»

ስንመለስ አማከለች መንገድ ላይ ቆመችና «ካሴ፣ አባየ በልተውታል» አለችኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ስለ እሷ ብቻ ነበር የማስበው። የጠበሰ ብቻ አይደለም፤ የበላም ብለዋል። የገዘቱት ራሳቸው፣ በጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ተመስገን እያሉ በልተዋል። ብትነግራቸው ይሞታሉ ብላ ፈራች። ባትነግራቸው ሳይፈቱ ይሞታሉ። በየት በኩል ትውጣ?

«አብረኸኝ ግባ» አለች። ገባሁ።

ቄሱ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማከለች ጠርሙሱን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ዳሰሱት፤ ቅዝቃዜውን በጉንጫቸው አዩት፤ ገለበጡት፤ ነቀነቁት። ድምፅ አልሰጠም።

«ረግቷል» አሉ።

«ረግቷል አባየ። አበባ ተሥሎበት ነው። እኔም ሳልህም አላወቅነ።»

«ወጡ በዚህ ነበር የሚሠራ?»

«በዚህ ነበር።»

ጠርሙሱን ጉልበታቸው ላይ አኑረው «ያወቀ አላልሁም» አሉ ቀስ ብለው። «የበላ ብየ ነው የገዘትሁ። ያወቀ ብል ምን ነበረበት።»

አማከለች እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «ይፍቱኝ አባየ። ቃሉን ያንሱልኝ። እኔ ምን አቅም አለኝ? ሌላው ሁሉ አልሰማሁም ብሎ እየጠበሰ ነው።»

«ልጀ ሆይ፣ ላንች ብየ ካነሳሁት ደሳለው ነገ መጥቶ ለልጅዎ አነሡ፣ ለኔም ያንሡ አይለኝም? ያ ጽድ በምን የቆመ ይመስልሻል? በኔ ቃል ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስፈታው ሌላውም ይላላል።»

ያን ጊዜ ተነሳች። አማከለች ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያ ይንገሩኝ! ልጅዎ ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ ጽዱ?»

የሽማግሌው የማያይ ዓይን እንባ አወረደ። እኔም እንደ ሞኝ ኮፍያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ተናደድኩባቸው፤ አዘንኩላቸውም። ሰውየው ዛፉን ያጠሩበት ገመድ የልጃቸውን አንገት ይዟል፤ ቢጎትቱት እሷን፣ ቢለቁት ዛፉን።

ሦስት ቀን ሙሉ እሷም አልጠበሰችም፣ እሳቸውም ውሃና ቆሎ እንጂ አልቀመሱም። በታኅሣሥ ሚካኤል ጠዋት ቄሱ «ካሴ፣ ባጃጅ ጥራልኝ» አሉ። ሦስታችንም ቁሐር ወረድን። የወር በዓል ቢሆንም ወሬ ቀድሞን ኖሮ ሰው በዝቷል፤ የቄሱ ልጅ ምድጃዋን ማጥፋቷን ወረታ በሙሉ ያውቃል። ደሳለውም፣ አምሳልም አሉ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ኪዳነ ማርያም ዋርካው ሥር ቆሙና ጥምጥማቸውን አወለቁ። ነጭ ራሳቸው ሲታይ ሕዝቡ ደነገጠ።

«በኅዳር ሚካኤል ስለ ዘይቱ የገዘትሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ሳላውቅም ከሁሉ በፊት የበላሁ እኔ ነኝ። ቃሌ ከአቅማችሁ በላይ እንደሆነ አይቻለሁ። የሰማና የተገዘተ፣ ሰምቻለሁ እያለ ወደ መስቀሉ ይምጣ፤ እፈታዋለሁ፤ ከእንግዲህም ቃሉ አይዘውም። ያልሰማ ግን ምን ልፍታው? ያልታሰረ አይፈታም።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ በቆረጣ ተያየ። ከዚያ አምሳል ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ «ሰምቻለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና በመስቀሉ ባረኳት። ከዚያ እንግዲህ ማን ይቅር! ነፋስ ነበር ያለው መጣ፤ ሰምቷል። ከኋላ ነበርሁ ያለው መጣ፤ ሰምቷል። እኔም ሄድኩ፤ ሰምቻለሁ። ያ ሁሉ ደንቆሮ በአንድ ጠዋት ጆሮው ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር፤ የአማከለች ፊት ግን አያስቅም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሰምተው ብቻዋን ጥለዋት ነበር።

ደሳለው ተራው ደረሰ። «ሰምቻለሁ» አለ።

«ምን ሰማህ?» አሉት ሽማግሌው፤ ሌላውን ያልጠየቁትን።

«የዘይቱን።»

«ከሱ በፊት ያልሁትንስ?»

ደሳለው ጽዱን አየ፤ ሕዝቡንም አየ። «የዛፉንም ሰምቻለሁ» አለ በግድ።

«መልካም። የዘይቱን እግዚአብሔር ይፍታህ። የዛፉ እንደታሰረ ነው፤ ሰምተሃል።»

የመጨረሻዋ አማከለች ነበረች። «ሰምቻለሁ አባየ» አለች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ብዙ ቆዩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጀ» አሉ። መስቀሉን ስማ ስትነሳ ትከሻዋ ቀለል ሲል አየሁት። ሸክም ያወረደ ሰው ነገር ያስታውቃል።

ቄስ ባምላክ የራሱን መስቀል አውጥቶ ወደ መምህሩ ጠጋ አለ። «እርስዎንም ልፍታዎ የኔታ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሽማግሌው በጆሮው አንድ ነገር ተናገሩት። ባምላክ መስቀሉን ይዞ ቀረ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አማከለች ብዙ አወራች። በማረው እጅ ካለው መሬት ጫፍ ላይ፣ ውሃ በሚተኛበት በኩል፣ ክረምት ሲገባ ኑግ ልታዘራ አስባለች፤ ኑግ ውሃ ይችላል። ከይፋግ ያመጣችው ዘር ተርፏል። ለአባቷ ወጥ፣ ለበዓል፣ ለራሷም የሚሆን ዘይት ብታገኝ ይበቃታል። ፓስቲው እስከዚያው… ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ሜዳው ላይ የታጨደ ሩዝ ተከምሯል፤ ከአድማስ እስከ አድማስ ሌላ ነገር የለም። እኔ በሆዴ ላም አለኝ በሰማይ አልኩ፤ ማረው ለአንድ እፍኝ ኑግ ብሎ የሩዝ መሬት የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«አባየ» አለች ድንገት። «እርስዎን ማን ፈታዎ?»

ቄሱ በጋቢያቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል።

«ባምላክ ሲጠጋዎ አይቻለሁ። ፈታዎ?»

«ተወኝ አልሁት።»

«ለምን?»

«ሁሉ ከተፈታ ግዝት መሆኑ ምኑ ላይ ነው? ነገ ደሳለው የቄሱ ቃል ውሃ ነው ቢል ምን እንላለን? አንድ ሰው እንኳ በቃሉ ታስሮ ይታይ። ዕድሜየ ጥቂት ነው፤ እኔ ልታሰርበት።»

«ሳይፈቱ ቢሞቱስ አባየ?»

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የእሷን ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ሕፃን ትንሰቀሰቅ ነበር። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። እሷ እንድትጠብስ እሳቸው ታሰሩላት፤ ይህን ከማወቅ ግዝቱ ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ቄሱ ፀሐይ ልሙቅ በሚል ሰበብ በአማከለች እጅ እየተመሩ መናኸሪያው ድረስ መጡ፤ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በርጩማ ሰጠኋቸው። አማከለች ምድጃዋን አያያዘች። ከቢጫው ጀሪካን የረጋውን በማንኪያ እየዛቀች መጥበሻው ላይ ጣለች። ቀለጠ። የመጀመሪያው ሊጥ ሲገባ ተንጫጫ፤ የደብረ ታቦር ተሳፋሪዎች እንደ ድሮው ሰብሰብ አሉ። እሷ ግን ሁለተኛውን ሊጥ በእጇ እንደያዘች ቆማ አባቷን ታያለች።

«አማከለች» አሉ ቄሱ፣ ሽታው ደርሷቸው። «የትኛው ነው?»

«የሚረጋው ነው አባየ።»

«ጥበሽ ልጀ፤ አንች ተፈትተሻል» አሏትና የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ።